ያልተተኮሰበት ጠመንጃ

ኦርሊን ረጅሙን ሳጥን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ ታቅፎ የጠመንጃ ገበያ በሚካሄድበት አዳራሽ በር ላይ የመግቢያ ቲኬት ሲያስቆርጥ፣ ሚስቱ ማርሊስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከሚሸጡበት ጠረጴዛ የገዛችውን፣ ፓይ የሚሉትን የፖም ኬክ እዚያው ቆማ ግማሹን ጨርሳ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲህ ናቸው። እሱ ሸሚዝ ሲሰጠው ለደህና ቀን ብሎ ከነመርፌው ያስቀምጠዋል፤ እሷ አዲስ ቀሚስ ስትገዛ አሮጌውን በከረጢት አንጠልጥላ አዲሱን እንደ ለበሰች ከሱቁ ትወጣለች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠመንጃ የሚኖሩባት የሞንታና ግዛት የመቶ ዓመት በዓሏን ባከበረችበት ጊዜ ለመታሰቢያ ከተሠሩት አንዱ ነው። ጎኑ በወርቅ ተለብጦ የስንዴ ዛላና የበሬ ራስ ተቀርጾበታል። በተገዛበት ገንዘብ ኦርሊን ማርሊስን ወደ ኦሪጎን ወስዶ ባሕር ሊያሳያት ነበር። “ሠላሳ ዓመት ሳይነካ ከተቀመጠ ባሕሩን ሁለት ጊዜ ያሳየናል” አላት፤ እሷም ስቃ እሺ አለችው። ከዚያ ወዲህ አልተተኮሰበትም፤ ማቀባበያውም አንድ ጊዜ እንኳን አልተሳበም። በዚህ መከር ግን ቢሊንግስ ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም የማርሊስ እይታ ከመሐሉ እየጠፋ መሆኑን፣ በየጊዜው ዓይኗን የምትወጋው መርፌም ሊያዘገየው እንጂ ሊያስቆመው እንደማይችል ነገራቸው። ኦርሊን ይሠራበት ከነበረው የእህል ጎተራ የሚያገኘው ጡረታ የመርፌውን ከፍሎ ለመንገድ የሚተርፍ አልነበረም። ጠመንጃውን ለመሸጥ ያመጣቸው ይኸው ነው።

ነጋዴዋ ዋንዳ ነጭ የጥጥ ጓንቷን አጥልቃ ጠመንጃውን በትንሽ ባትሪ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ፈተሸችው።

“አልተተኮሰበትም” አለች። “ማቀባበያውም ቢሳብ ኖሮ እዚህ ጋ ወርቁን ይጭረው ነበር። የጣት አሻራ እንኳን የለበትም። አያያዝ ያውቁበታል።”

ኦርሊን ቀና ብሎ ቆመ። “ስንት ያወጣል?”

“ችግሩ እሱ ላይ ነው። የገዛው ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ነው ያስቀመጠው። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አምስት አይቻለሁ፤ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም የሚሸጥ። የጠፋው ገዢ ነው።”

“እኔ አራት ሺህ ብዬ ነበር።”

“ዘጠኝ መቶ ዶላር፤ እሱም ሁሉ ነገሩ ከተሟላ።” ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች። “ወረቀቶቹ አሉ። የውጭው ካርቶንስ? ይሄን ሳጥን ከላይ የሚያለብሰው፣ ቁጥሩ የተጻፈበት?”

የማርሊስ ሹካ አየር ላይ ቆመ።

“እሱ የለውም” አለ ኦርሊን ቶሎ ብሎ።

“እንግዲያው ስድስት መቶ ሃምሳ። ካልቸኮሉ ግን እኔ ጋ ይተዉት፤ ሚያዝያ ላይ ጨረታ አለን። ከሩቅ አገር የሚጫረቱ ስላሉ ያለ ካርቶኑም ዘጠኝ መቶ ሊደርስ ይችላል።”

ኦርሊን እናስብበት ብሎ ሳጥኑን አነሣ። ምግብ ከሚሸጥበት ጥግ ሄደው አንድ ሳህን የድንች ጥብስ መካከላቸው አድርገው ተቀመጡ። ማርሊስ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

“ካርቶኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ” አለች። “ልጃችን ሎረን አላስካ ወታደር ሳለ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን የላክሁለት በእሱ ነው። ልክክ አለ፤ ምን ላድርግ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ቁም ሣጥኑን ከፍተህ ትደርስብኛለህ እያልኩ ስሳቀቅ ኖርኩ።”

“ዐውቃለሁ።”

“ምኑን ነው የምታውቀው?”

“ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? በቡናማ ወረቀት ጠቅልለሽ ‘አድርስልኝ’ ብለሽ ሰጠሽኝ። ጥጉ ላይ ወረቀቱ ተቀዶ ቁጥሩ ይታይ ነበር። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።”

“አንብበህም ላክኸው?”

“ልጁ በየደብዳቤው ስለዚያ ወንዝ ብቻ ነበር የሚጽፈው። ደግሞ ሌላ የሚበቃ ካርቶን አልነበረንም።”

“አንተ ክፉ ሽማግሌ! ያን ሁሉ ዘመን ስታስጨንቀኝ!”

“ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓይ ትጋግሪልኝ ጀመር። ለምን ላስቆመው?”

ማርሊስ አጠገባቸው የተቀመጡት እስኪዞሩ ድረስ ሳቀች፤ የሳቅ እንባዋን ጠርጋ ጨው ልታነሣ እጇን ሰደደች። የጨው ዕቃው ፊት ለፊቷ ነበር። ጣቶቿ አንዴ በቀኙ፣ አንዴ በግራው አለፉ። ኦርሊን ዕቃውን ወደ ጣቶቿ አስጠጋው። እሷም ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ በዓይኗ ጠርዝ ፊቱን ፈልጋ አገኘችውና ፈገግ አለችለት።

ኦርሊን ሳጥኑን ይዞ ተነሣ።

“ወዴት ነው? ድንቹ ይቀዘቅዛል!”

“ብይው፤ መጣሁ።”

ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። ማርሊስ እጆቹን አየች፤ ድንቹን ለብቻዋ ጨርሳው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ጆሊን ቤት ለምሳ ተሰበሰቡ። ሎረንም ከሥራ ቀጥታ መጥቶ ነበር። ኦርሊን ነጋዴዋ ያለችውን ሁሉ፣ የሚያዝያውን ጨረታ ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ነገራቸው። ያደረገውን ግን ገና አልነገራቸውም።

“እንዴ አባዬ፣ ጠብቅ እንጂ!” አለች ጆሊን ሥጋውን እየቆረጠች። “አምስት ወር ምን አላት? ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅህ ሰውዬ!”

“ባሕሩም የሚያምረው ያኔ ነው” አለ ሎረን። “ኅዳር ላይ ግራጫ ነው፤ ጭጋግ ነው። ተራራው መንገድ ላይ በረዶ መጣል ጀምሯል። እማዬን በዚህ ብርድ የት ታንከራትታታለህ?”

“እኔን ተዉኝ፤ ካፖርት አለኝ” አለች ማርሊስ።

ቀድሞ ቢሆን “እንጠብቅ” የሚለው ራሱ ኦርሊን ነበር። አፉን በመሐረብ ጠርጎ ሁለቱንም ልጆቹን በየተራ አያቸው።

“ጨረሳችሁ? በስድስት መቶ ሃምሳ ሸጬዋለሁ። በሚያዝያ ዋጋውም ይጨምር ይሆናል፤ ባሕሩም ያምር ይሆናል። እናታችሁ የምታየው ግን አሁን ነው። ሰኞ ጠዋት እንነሣለን። ሎረን፣ የጎማውን የበረዶ ሰንሰለት መኪናው ላይ ትጭንልኛለህ። ጆሊን፣ አንቺ ድመቶቹን ትመግቢልናለሽ።”