ከነኮርቻዋ

በ1919 ዓ.ም. የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ባጫ ወደ መልካሳ በበቅሎ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። በቅሎዋ የሚስቱ የአማረች ናት፤ አባቷ ሲድሯት የሰጧት።

"ጅብ በላት" አለ።

"ከነኮርቻዋ?"

"ከነኮርቻዋ።"

አማረች ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ባል ቢሆን እፎይ ይል ነበር፤ ባጫን ግን ዝምታዋ እንቅልፍ ነሳው። "ጋኔን አፏን ይዟታል" ብሎ ከከተማው ወረድ ብሎ ወዳለው ጠበል ወሰዳት።

አጥማቂው መምሬ ገብረወልድ ጋኔን የሚያስለፈልፉት በገንቦ ነው። በሽተኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ሰዎች ትከሻውን ይይዛሉ፤ ውሃው ከላይ አፍና አፍንጫው ላይ ይወርዳል። ጋኔኑ ማንነቱንና የያዘበትን ቦታ እስኪናገር ማቆም የለም። ጋኔን የሌለበት ሰው ምን ብሎ እንደሚናገር ግን ማንም አስቦበት አያውቅም።

"ማን ነህ? ተናገር!"

አማረች በሁለት ቀን ዐሥራ አራት ገንቦ ወረደባት። መምሬ ትንፋሽ የሚሰጧት እሳቸው ሲደክማቸው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ አምስተኛው ገንቦ ላይ፣ ደረቷ ሊፈነዳ ሲል አንድ ነገር ገባት፤ እዚህ ቦታ የአማረችን ቃል የሚሰማ የለም፣ የጋኔንን ቃል ግን የሚጠራጠር የለም።

"እለፈልፋለሁ!" ብላ በጎርናና ድምፅ ጮኸች። "አንተ ቄስ፣ ገንቦህን አስቀምጥ!"

መምሬ ደስ አላቸው። "የት ያዝካት?"

"እኔ የምኖረው በቅሎዋ ላይ ነበር። በቅሎዋ ስትጠፋ ማደሪያ አጣሁና እሷ ላይ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ባሏ ላይ ነው፤ እሱ ሳይወጣ አልወጣም!"

ባጫ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሁለቱ ሰዎች ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

"መምሬ፣ እኔ ደህና ነኝ! ምንም የለብኝም!"

"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው" አሉ መምሬ ገንቦውን እያነሱ። "በቅሎዋ የት ናት?"

"ጅብ..."

የቀረውን ውሃው ወሰደው። አማረች ነጠላዋን እየጨመቀች መቁጠር ጀመረች። እሷ ዐሥራ ዘጠኝ ችላለች፤ ባጫ በሁለተኛው ተረታ።

"መልካሳ ናት! ጠላ ሻጯ ዘርፉ ዘንድ! እኔው ነኝ የሰጠኋት!"

መምሬ ጋኔኑ ለቀቀ ብለው መስቀላቸውን ሲያወጡ፣ አማረች ከሦስት ሳምንት በኋላ በገዛ ድምፅዋ ተናገረች።

"መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ገንቦ ይጨምሩ። ስለ ኮርቻው ገና አልለፈለፈም።"