ግላስ የለበሰው ጀልባ

«ታዲያ የዚህ ጀልባ በሽታው ምንድን ነው?» ብሎ አቶ ሽመክት ሲጠይቃት ደጊቱ በሽታው ላይ ተቀምጣበት ነበር።

ቀዳዳው መዳፍ ያህላል። ጀልባውን የሚስበው አያ ቢሻው ማለዳ በሰምና በሞራ ደፍኖ ጆንያ ጣል አደረገበት፤ ከጆንያው በላይ ደግሞ ደጊቱን አስቀመጠ።

«ከመንደሩ ሴት ሁሉ አንቺ ትከብጃለሽ» አላት። «ለምስጋና ነው፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ጉብላ በበጋ እንደ ማንኛውም የገጠር መንደር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሁለት ወንዞች ግራና ቀኝ ሞልተው ደሴት ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ወደ ዳንግላ መውጫው ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ የሚሳብ አንድ የብረት ጀልባ ብቻ ነው። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ቢሻው «የእኔ ታናሽ ነው» ይላል፤ ሚስቱ ደግሞ «ቢያንስ ጀልባው ሲስቡት ይንቀሳቀሳል» ትላለች።

የደጊቱ ልጅ ቤዛዊት ስምንተኛ ክፍልን አልፋ መስከረም ላይ ዳንግላ ዘጠነኛ ልትገባ ነው። ደጊቱ ግን በዚህ ጀልባ ጠዋት ማታ አትመላለስም ብላ ምላለች። ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ትቀመጥ ሲሏት ደግሞ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዓይኔ ርቃ እንዴት አድራ ትነሣለች ብላ አሻፈረኝ ትላለች። ልጇ ተምራም እቤቷ የምታድረው አዲስ ጀልባ ሲመጣ ብቻ ነው።

መንግሥት ለአንድ ጀልባ በጀት እንደያዘና አቶ ሽመክት የሚባል ሰው አሮጌውን ሊያይ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አየነው ሕዝቡን ሰበሰበ። የጉብላ ሰው እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማሳመር። ለጊዮርጊስ በዓል ፈረስ የሚሸለምበት ግላስ ከየሣጥኑ ወጣ። ቀይና ቢጫው ዘርፍ በጀልባው ጎንና ጎን ተንጠለጠለ፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ አፍንጫው ላይ ቃጭል ታሰረ። ጀልባው እግር ቢኖረው ጉግስ በወጣ ነበር።

«ማርጀቱን በምን ያዩታል ታዲያ?» አለች ደጊቱ።

«አንቺ እንግዳ ሲመጣብሽ የተቀደደውን ቀሚስሽን ነው የምትለብሺው?» አላት አየነው። ሰው ሳቀ።

እናም ሊቀበሉት ወጥተው አብረው ሲሻገሩ ሽመክት በሽታው ምንድን ነው ሲላት፣ ስለ ጤና የተጠየቀ ሰው ሁሉ እንደሚለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አለችው። ከኋላ ቤዛዊት ሰርጎ የገባውን ውኃ እንግዳው ሳያይ በጣሳ እየቀዳች ትደፋ ነበር።

ጉብላ ደርሰው እንግዳው በላ፣ ጠጣ፣ ማር ተቋጠረለት። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ።

«እውነቱን ልንገራችሁ? ጀልባችሁ እኔ ከመጣሁበት መኪና ይሻላል» አለ።

አየነው ፈረመ። ሴቶቹን ወክላ ደጊቱ እንድትፈርም ተባለ፤ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስሟን ብቻ ጽፋ እንድትመልስ ነበር የጠበቁት። እሷ ግን ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ሽመክት ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«ጀል... ባው... በጥሩ ሁኔታ... ላይ ስለሚገኝ... በጀቱ... ለሌላ ቀበሌ...»

እስከ አምና ለወረቀት የምትሰጠው አውራ ጣቷን ነበር። ወረቀት ዓይኑን አፍጥጦ እንደሚዋሽ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

«ፈርሚ እንጂ፣ እንግዳ ታቆሚያለሽ?» አለ አየነው።

«ስንሻገር እፈርማለሁ።»

አየነውና ቤዛዊትም እንግዳውን ሊሸኙ አብረው ተሳፈሩ። ደጊቱ እንደገና ቀዳዳው ላይ ተቀመጠች። ጥልቁን ሲያልፉ ውዳሴ ማርያም የምታውቀውን ያህል ደገመች። ዳር ሊደርሱ ሲሉ፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ ተነሣች።

ሰሙ ከጆንያው ጋር ተነሥቶ ቀሚሷ ላይ ቀረ። ውኃው ቄጠማውን ተሸክሞ ገባ። ሽመክት አንድ ጫማውን ሲፈልግ ሌላው ሄደበት።

«ኧረ ይቀመጡ እትዬ!» አለ።

«የጠየቁኝን ልመልስ ብዬ ነው ጌታዬ። በሽታው ይኼ ነው።»

«ሌሎችም አሉት» አለ ቢሻው፣ ገመዱን ሳይለቅ። «ይቺ የምትታየዋ ናት።»

ሽመክት ባዶ እግሩን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደረቅ ወረቀት ፈለገና እንደገና ጻፈ። ደጊቱ ይህንንም በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በጀቱ ለጉብላ ይያዝ ይላል። ሥሩ ላይ ግን፣ አሮጌው ጀልባ ከዛሬ ጀምሮ ሰው እንዳይጭን ይላል።

«አዲሱ መቼ ነው የሚደርስ?»

«ጨረታ አለው፣ ግዢ አለው... ለከርሞ ክረምት።»

«እኛስ በምን እንግባ?» አለ አየነው።

ሽመክት ካልሲውን ጨመቀ። «ቀዳዳውን ድፈኑና ለመመለሻ አንዴ ብቻ። ከዚያ ካየሁት በሕግ ነው።»

ደጊቱ ፈረመች። ቢሻው ሰሙን ከቀሚሷ ፍቆ ቀዳዳውን እንደ ጠዋቱ ደፈነው። ቤዛዊት ጣሳዋን ይዛ ልትሳፈር አንድ እግሯን አነሣች።

«አንቺ ውረጂ፤ አሁን ከገባሽ መስከረም ላይ መውጫ የለሽም» አለቻት እናቷ።

«እማዬ?»

«ያ የዳንግላ ጋሪ ሳይሄድብሽ። አክስትሽ ምህረቴ ዘንድ። ማታ ማታ በራቸውን እንዲዘጉ ንገሪያቸው።»

«ልብሴስ?»

«በገመዱ እልከዋለሁ። ውረጂ አልኩሽ።»

ቤዛዊት ጣሳውን ለእናቷ ሰጠች። ጋሪው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ ተቀመጠች። ደጊቱ እስከ ማዶ ድረስ ውኃ ስትቀዳ ቀና አላለችም።

ያን ክረምት ቢሻው፣ አየነውና ደጊቱ ጉብላ ቀሩ። ቤዛዊት ሄደች።