ለሚስባህ የሚነገር መርዶ

"ልጄን ሚስባህን እዚያው ዐረብ አገር የሚያረዳልኝ ሰው ፈልግልኝ" አለችው ቶይባ። "በስልክ እንዳይነግሩት። ሰው ቤቱ ድረስ ይሂድ፣ ያስቀምጠው፣ ውኃ ያጠጣውና ይንገረው። አባቱን እንዴት እንደሚወድ አንተ ታውቃለህ።"

ዘውዱ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አየ። ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

"እሺ" አለ። ሌላ ምን ይላል።

ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ የተከለው ድንኳን በሰው ሞልቶ ነበር። የቶይባ ባል አብዱሰመድ ትናንት ተቀብሯል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ዘውዱ መርሳ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ቢሆንም በዚህ ለቅሶ ቤት እንግዳ ነው የሚለው ሰው የለም። እሱና ሟቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የበሉ፣ አብረው የተራቡ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የግድ የሚጣሉ ወዳጆች ነበሩ።

ዘውዱ የሚያውቀውን ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ሚስባህ ዐረብ አገር የለም። ጅቡቲንም አልተሻገረም። ከመንደሩ በላይ ባለው የወይራ ጫካ ውስጥ፣ አባቱና ዘውዱ በቆፈሩለት ጉድጓድ፣ ጦርነቱ ካለፈበት ዓመት ጀምሮ ተኝቷል።

ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ቶይባ እናቷን ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ወጥታለች። አብዱሰመድ ከብቶቹን፣ ዘውዱ የጋራዡን ዕቃ ጥለው መሄድ አልሆነላቸውምና ሁለቱ ቂሎች ልጁን ይዘው ጫካ ገቡ። ቂሎች የሚለው ቃል የራሱ የአብዱሰመድ ነው። ሚስባህ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። መንገዱን ልይ ብሎ ወይራ ላይ ወጣ። ከየት እንደተተኮሰ ያላወቁት መድፍ መጣና ዛፉንም ልጁንም ጣላቸው።

አብዱሰመድ ሬሳው ላይ ለመስገድ ሲቆም ከኋላው የሚቆም ሰው አልነበረም። ዞር ብሎ ዘውዱን አየው።

"እኔ ምን ልበል?" አለ ዘውዱ።

"ምንም አትበል። ቁም ብቻ።"

ቆመ። በሆዱ አባታችን ሆይን ደገመ።

ቶይባ የተመለሰችው ታይፎይድ ይዟት፣ ሰው ደግፏት ነው። "ትንሽ ትጠና" አለ አብዱሰመድ። ትክክል ነበር። ለጤነኛ ሰው እንኳ መርዶ የሚነገረው እህል ቀምሶ፣ ሌሊቱን ተኝቶ፣ ሲነጋ ነው። እሷ ግን ገና አልጋ ላይ ሳለች "ሚስባህስ?" አለችው። እውነቱን ሊናገር የከፈተው አፍ "ጅቡቲን ተሻገረ" አለ። ያኔ የስንቱ ቤት ልጅ ተሻግሮ ድምፁ እንደጠፋ ስለምታውቅ አመነችው። ከዚያ መኸር ደረሰ፣ ከመኸሩ በኋላ እናቷ ሞቱ፣ ከዚያ ኢድ መጣ። የዘገየ መርዶ ደግሞ ሞቱን ብቻ ነግረው የሚገላገሉት አይደለም። ለምን እንደዘገየም መናገር አለ። አብዱሰመድ ይህኛውን ፈራ።

ሰው መቃብሩን እንዳያገኘው አገሬውን "ጫካው ውስጥ ብረት አለ፣ ያልፈነዳ" አለው። እንጨት ለቃሚም ከብት ጠባቂም ቀረ። እሱ ግን ጁምዓ ጁምዓ ይገባል። "የት እንዳለ አውቀዋለሁ፣ ቀፎ ሰቅያለሁ" ይላል። ዘውዱ አንድ ቀን "እውነት ብረት አለ እንዴ?" ብሎ ጠይቆት ነበር።

"እኔ እንጃ" አለው። "አለ አለ ስል ከርሜ አሁን እኔም እፈራለሁ።"

እንዲህ ነበር አብዱሰመድ። መርሳ አስፋልት ዳር ማንጎ ሲሸጥ ከማንጎው ይልቅ ወሬው ነበር ገበያ የሚስበው። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ በመስኮት እየሳቀ ይገዛዋል። ሆስፒታል አልጋ ላይ የመጨረሻዋ ሰዓት ስትደርስ የዘውዱን እጅ ጨብጦ "ቶይባን…" አለ። ንገራት ይሁን አትንገራት፣ ሳይጨርሰው ሄደ።

ቶይባ ዘውዱን በለመነችው ማግስት ያሲን ተቀርቶ ሰደቃው ከተበላ በኋላ የአብዱሰመድ እህት ፈይሩዝ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ወደ ድንኳኑ ገባች። የሚስባህን ፎቶ ሳዑዲ ላሉ ዘመዶች ልካው ነበር። መልስ መጥቷል። የአንድ ሰው ድምፅ ነበር፦ "ጂዛን በኩል አይተነዋል። ፍየል ይጠብቃል። ከስቷል እንጂ ደኅና ነው።"

ቶይባ ድምፁን ደጋግማ አስከፈተችው። "ከስቷል አለ? ዱሮም ሆድ የለውም" አለችና ፈገግ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረሰች። ሴቶቹ "አልሐምዱሊላህ" ተባባሉ። ዘውዱ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ።

ቶይባ ጓሮ ድረስ ተከተለችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ።"

"ጠይቂኝ።"

"ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ጫካው ማዶ ሚስት ነበረችው ይላሉ። እኔም ሳልጠረጥር ቀርቼ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት ቀፎ አለኝ ሲል አንድ ጣት ማር አላቀመሰኝም። ካለች አምጣልኝ። ትቀመጥ፣ እሷም ታልቅስ። ሚስባህ ሲመጣ ከሰው አፍ ከሚሰማው እኔው ልንገረው።"

አዎ ቢላት ያበቃ ነበር። ሚስት የደበቀ ባል በአገሩ ብርቅ አይደለም። ትናደዳለች፣ ትሳደባለች፣ ይወጣላታል። ጂዛን ያለውን ልጇንም ትጠብቃለች። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ አብዱሰመድም "ጅቡቲን" ሲል እንዲሁ ቀልሎት እንደነበር ገባውና ደነገጠ።

"ሚስት የለችውም" አለ። "ያለውን ግን በአፌ ልነግርሽ አልቻልኩም። ላሳይሽ።"

ቶይባ ፊቱን አየችው። ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበች።

ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋን፣ የሐዘን መጠበቂያ ጊዜዋን፣ ሳትጨርስ ደጇን ለቃ አትሄድም። ዘውዱ ሼህ ሙባረክን ከድንኳኑ ጠርቶ አማከራቸው።

"ሳይመሽ እንመለሳለን። ይፍቀዱልኝ፣ አባቴ።"

"ለሐጃ፣ የግድ ለሆነ ጉዳይ፣ በቀን መውጣት ይቻላል" አሉ ሼሁ። "ሐጃው ከባድ ነው?"

"ከባድ ነው።"

ሰው እንዳያማቸው እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ጫካው አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና "እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። አብሽሪ፣ ልጄ" አሏት።

ጫካው ከብት ካልገባበት ቆይቷልና ሣሩ ወገብ ይደርሳል። የቀንጠፋው እሾህ እርስ በርሱ ተያይዟል። ሲገቡ ይንጫጩ የነበሩት ወፎች ሁሉ ጸጥ አሉ። ሰው ማየት ትተዋል። ከታች ከአስፋልቱ የሚመጣው የመኪና ድምፅ ጥቂት ዛፍ እንዳለፉ ቀረ። ዘውዱ ሚስባህን ከቀበሩበት ቀን ወዲህ እዚህ ረግጦ አያውቅም።

"እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጪ" አላት።

"ብረት አለ የሚሉት እውነት ነው?"

"አላውቅም።"

ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁለቱም ባሉበት ቆሙ። ዘውዱ ቁልቁል አየ። ደረቅ ጭራሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ግራ ይሁን ቀኝ ጠፋበት፣ ዛፉ ሁሉ አንድ ሆነበት። እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም። ብረቱን ይሁን የሚነግራትን ነገር መለየት አልቻለም።

ቶይባ በአጠገቡ አለፈች። ሣሩ መሃል የአንድ ሰው እግር የሚያህል ቀጭን መንገድ አይታለች።

"የሱ መንገድ ነው" አለች። "ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይጥል የለ?" ፊት ፊት መራችው።

መንገዱ ግማሹ የተገነጠለ ወይራ ሥር አበቃ። ከጉቶው አዲስ ቅርንጫፍ አቆጥቁጧል። ከሥሩ መሬቱ ተጠርጎ፣ አረሙ ተነቅሎ፣ ድንጋይ በረጅሙ ዙሪያውን ተደርድሯል። የእስላም መቃብር መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

"የማን ነው?" አለች።

ዘውዱ ባርኔጣውን አወለቀ። መርዶ የሚነገረው በሽማግሌዎች ነው፣ ተሰብስበው፣ አንዱ ሲያቅተው ሌላው እየተቀበለው። እሱ ብቻውን ነበር።

"ሚስባህ ጅቡቲን አልተሻገረም" አለ።

ቶይባ ቀስ ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ዘውዱ ዛፉን፣ መድፉን፣ ጉድጓዱን፣ ያለውን ሁሉ ነገራት። ሲጨርስ፣

"ቆየ? ተሠቃየ?" አለችው።

"ወዲያው ነው።"

"አትዋሸኝ።"

"ወዲያው ነው፣ ቶይባ። በማርያም።"

"ማን ሰገደበት?"

"አባቱ።"

"ከኋላው ማን ቆመ?"

"እኔ።"

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ለልጄ፣ ሲመጣ ይለብሰዋል ብዬ፣ ሱሪ ስገዛ አባቱ አብሮኝ ገበያ ይቆማል እኮ። በየዓመቱ። ይሄ ይበቃዋል ወይ ስለው ወገቡ ላይ አስደግፎ ይለካልኛል። ከኔ በለጥ ይላል፣ ረዘም ያለውን ያዢ ይለኛል። በጁምዓው ደግሞ እዚህ መጥቶ ያለቅሳል። የኔን ድርሻ ሁሉ ብቻውን አለቀሰው።"

"ሊነግርሽ ፈልጎ አቅቶት ነው። አውፍ በይው፣ ይቅር በይው።"

ከተጠረገው መሬት ላይ አንድ የወደቀ ቅጠል አነሣች፤ የት እንደምትጥለው ጠፍቷት ጨብጣው ቆየች። ዘውዱ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ስታለቅስ ሰማት። ሲያስብ የነበረው ጩኸት አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ፣ የታፈነ ነገር ነበር።

ሲመለሱ ሼህ ሙባረክ ከድንጋዩ ተነሡ። ፊቷን አዩ፣ ጫካውን አዩ። ከንፈራቸው ዱዓ ሲያደርግ ይታያል። ፊታቸውን አዙረው ወደ መንደሩ ቀደሙ።

"ጂዛን ያዩት ልጅ ሌላ ሰው ነው" አለ ዘውዱ፣ ሼሁ ራቅ ሲሉ።

"እሱም እናት አለችው" አለች። "ፈይሩዝ እናቱን ትፈልግለት።" ጥቂት ተራመዱ። "ለማንም አትናገር። የሐዘኑ ሰባት ቀን ይለፍ። ትንሽ ይቆይ።"

ዘውዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምቶታል።

"ቶይባ፣ እሱም እንዲህ ብሎ ነበር የጀመረው።"

"አውቃለሁ። ዛሬ ብናገር ሰዉ ከቀብሩ አውጥቶ ነው የሚሰድበው። እኔ የምሰድበው ይበቃዋል።" ዞር ብላ ዓይኑን አየችው። "በሰባቱ ማግስት ካልተናገርኩ አንተ ተናገር። ድንኳን መሃል ቆመህ ተናገር። ብከለክልህም እንዳትሰማኝ።"

"እሺ" አለ። ይህኛው እሺ ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር።

ድንኳኑ ሲደርሱ ከሐራ የመጡ ለቀስተኞች ገና መቀመጣቸው ነበር። ፈይሩዝ "የት ሄዳ ነው?" በሚል ዓይን ዋርሳዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ቶይባ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ከእንግዶቹ መሃል በዕድሜ የገፉት፣ ጢማቸውን ሒና የቀቡ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ወደ እሷ ዞሩ።

"አብሽሪ ልጄ። የአላህ ሥራ ነው። አላህ ይርሐመው።"

"ይርሐማቸው ይበሉልኝ፣ አባቴ" አለች ቶይባ።

ሰዉ ቀና ብሎ አያት። ቶይባ ባሏን በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን አንቱ ብላው አታውቅም። አንተ ተባብለው ነው የተጋቡት፣ አንተ እያለች ነው የተጣላችው። ፈይሩዝ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ዛሬ አንቱ አለችው፣ ወንድሜን አከበረችው" ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። ሽማግሌውም ደስ አላቸው።

"ደግ አልሽ፣ ልጄ። አላህ ይርሐማቸው።"

"ይርሐማቸው" አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ፣ ወንዱም ሴቱም። ሼህ ሙባረክ ዓይናቸውን ጨፍነው አሉ። ዘውዱ ከምሰሶው ሥር ሆኖ ከሁሉም ጋር አለ፤ ሁለት ሰው መሆናቸውን እያወቀ።

"አሚን" አለች ቶይባ። እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች። ሌላው ሰው ሁሉ እጁን አውርዶ ወደ ወሬው ሲመለስ እሷ መዳፏን እንደገና ዘረጋችና፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "አሚን" አለች።