የጎሚስታው ስኮላርሺፕ

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በየዓመቱ ለቨርሊን ኩቼራ ከኮሌጁ አንድ ደብዳቤ ይመጣለታል። የምትጽፈው በሟች ሚስቱ ስም በቆመው ስኮላርሺፕ የምትማረው የመረብ ኳስ ተጫዋች ናት። የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ «ለጋስነትዎ ሕልሜን እውን አድርጎልኛል» ይላል። የሁለተኛውም፣ በሌላ ልጅ እጅ ተጽፎ፣ «ለጋስነትዎ ሕልሜን እውን አድርጎልኛል» ይላል። ቨርሊን ልጆቹ ከናሙና እየገለበጡ እንደሚጽፉ ገብቶታል። አልተቀየመም፤ ሁለቱንም አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው።

የሦስተኛው ዓመት ግን ሌላ ነበር።

«ሚስተር ኩቼራ፣ ናሙናውን ሰጥተውኛል፤ እንዳለ ብገለብጠው ግን መዋሸት ይሆንብኛል። እስካሁን ከተደረጉት አሥራ አራት ጨዋታዎች በአንዱም አልተሰለፍኩም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባዬ ጥሩ ነው ይሉኛል። ገንዘቡ የባከነ ከመሰለዎት አልቀየምም። ትምህርቱን ግን ይዤዋለሁ፤ በአናቶሚ ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ። ሚስትዎ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ የነገረኝ የለም። ባውቅ ደስ ይለኛል። ኬንድራ ኦስትዲክ።»

ቨርሊን ቆሞ የጀመረውን ደብዳቤ ተቀምጦ ጨረሰው። ከዚያ ለጎረቤቱ ለኦርቪል ደወለ።

«ስማ፣ ቅዳሜ ኮሌጁ ጨዋታ አለው። እንሄዳለን።»

«አንተ ደግሞ ኳስ ማየት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ኳስ አይደለም የማየው። የተቀመጠች ልጅ አለች፣ እሷን ነው።»

ቨርሊን ኮሌጁ ባለባት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ፣ በኔብራስካ፣ አርባ አንድ ዓመት ጎሚስታ ነበር። በአውራጃው እጁ ያልነካው ቸርኬ የለም ማለት ይቻላል። ሚስቱ ማርዴል ቁመተ ረጅም፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። በእሷ ጊዜ ኮሌጁ ለወንዶች እንጂ ለሴቶች ቡድን አልነበረውም፤ ስለዚህ ከእህቶቿ ጋር ጎተራው ጀርባ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ኳስ እያሻገረች ነው ያደገችው። ልጅ አልወለዱም። ከአራት ዓመት በፊት ስትሞትበት ቨርሊን ሱቁን ሸጠና ገንዘቡን ወስዶ ለኮሌጁ ሰጠ። እንዲህ ያለ ገንዘብ እንደ ላም ነው፤ ላሟ አትታረድም፣ በየዓመቱ የምትታለበው ወተት ነው አንዲት ልጅ የሚያስተምረው። ሲፈርም አንድ ነገር ብቻ አስጨመረ፤ የምትመረጠው ጎበዟ ሳትሆን የማትታክተዋ ትሁን አለ።

ቅዳሜ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአዳራሹ ላይኛው ረድፍ ተቀመጡ። ስምንት ቁጥር የለበሰችው ኬንድራ ከወንበሩ ጫፍ ነበረች። ተጫዋች ሲወጣ ተነስታ ፎጣ ታቀብላለች፣ አንዷ ኳስ ስትስት ስሟን ጠርታ ታበረታታለች፣ ነጥብ ሲገባ ደግሞ በእርግጥም የእሷ ጭብጨባ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል።

«ያንተዋ ልጅ ወንበሩን ደህና አድርጋ አሙቃዋለች» አለ ኦርቪል።

«ዝም ብለህ እይ።»

ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ቨርሊን ራሱ ዝም ማለት አቃተው። ብድግ ብሎ «ስምንት ቁጥርን አስገቧት እንጂ!» ሲል አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ኬንድራ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችው።

«የጮኹት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል። እንዲህ የጮኸልኝ ሰው እስካሁን አልነበረም።»

ወደ መኪናዋ አብረው እየሄዱ ስለ ማርዴል ነገራት። ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ እንደምትሰማ፣ በካርታ ጨዋታ ዓይን አውጥታ እንደምታጭበረብር፣ ስትያዝም ያዝኩሽ ያላትን ሰው መልሳ እንደምትቆጣ። ኬንድራ እየሳቀች መኪናዋ ጋ ደረሰች። ቨርሊን ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የጎሚስታ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው። አራቱም ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሸክላ ለስልሰዋል።

«በዚህ ነው የምትነጂው?»

«አዎ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና አድርጋ ብቻዋን ናት። አራት ሰዓት ቢያስኬድ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፣ ፊኛ ነው።»

«ያለፈውን ክረምት አሳልፎኛል እኮ።»

«ያሳለፈሽ እግዜር ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሰኞ አራት ጎማ አመጣልሻለሁ።»

«አይሆንም!» አለች ደንግጣ። «ከእርስዎ ሳንድዊች እንኳ እንዳልቀበል አስፈርመውኛል። ከለጋሽ ስጦታ ከወሰድኩ ከቡድኑ እባረራለሁ።»

«ከማትጫወቺበት ቡድን?»

«ባልጫወትበትም ቡድኔ ነው፣ ሚስተር ኩቼራ።»

ቨርሊን አጎንብሶ የጎማዎቹን ቁጥር አነበበ፤ አሥራ አምስት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቨርሊን የፓትሪስ ሎማክስ ቢሮ ደጃፍ ላይ ነበር። ፓትሪስ የኮሌጁን የስፖርት ደንብ የምታስከብር፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት እንኳ ተጣሞ የማይታይባት ሴት ናት።

«ስኮላርሺፑን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም?» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«እርስዎ ለኮሌጁ ሰጡ፣ ኮሌጁ ለእሷ ሰጣት። መሃል ላይ ግድግዳ አለ። ግድግዳው እኔ ነኝ።»

«በረዶ ላይ ተንሸራትታ ብትሞትስ? ግድግዳው ቀብሯ ላይ ይገኛል?»

ፓትሪስ መነጽሯን አወለቀች። «ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ሚስተር ኩቼራ። ዛሬ እርስዎ ጎማ ቢሰጡ ነገ ሌላው መኪና ይሰጣል፤ ከዚያ ባለ ገንዘብ ሁሉ ተጫዋች ይገዛል። ሌላው ተማሪ የማያገኘውን ነገር ስፖርተኛ ስለሆነች ብቻ ማግኘት አትችልም። ደንቡ ይኸው ነው።»

ቨርሊን ተነሳ። እጁ የበሩ እጀታ ላይ ሳለ ዞረ።

«ሌላውም ተማሪ ካገኘስ?»

«ምኑን?»

«ጎማውን። ተማሪ ሁሉ። ስንት ናችሁ?»

«ሰባት መቶ አካባቢ... ሚስተር ኩቼራ፣ ይቀልዳሉ?»

«ደንቡ ይከለክላል ወይ ነው የምልሽ።»

ፓትሪስ ወፍራሙን መጽሐፍ ገለጠች፤ ወደፊትም ወደኋላም አገላበጠች። «አይከለክልም» አለች በመጨረሻ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ግን እኔም እመጣለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ አያለሁ።»

«ካፖርት ልበሺ» ብሏት ወጣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቨርሊንና ኦርቪል በኦርቪል ፒክአፕ ከተማ ለከተማ ዞሩ። ቨርሊን የማያውቀው ጎሚስታ የለም፤ ያልለመነውም አልቀረም። አንዱ «ጥርሱ ግማሽ አለው» ሲል፣ ሌላው «ይሄን ውሰድ፣ ቦታ ይዞብኛል» ሲል፣ አንዷ ባለ ሱቅ ደግሞ አዲስ ጎማ ስትጨምርለት፣ ወደ መቶ ስድሳ ጎማ ተከመረ። የቀድሞ ሱቁን የገዛው ሰውዬ ማሽኑንና ኮምፕሬሰሩን አዋሰው። በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ «የክረምት ጎማ፣ ለማንኛውም ተማሪ፣ በነፃ» የሚል ጣውላ ቆመ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በፕሪም ማርማላታ የተሞላ፣ ኮላቼ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ በትሪ በትሪ ይዘው መጡ። ገና በጠዋቱ የመኪናው ሰልፍ ዋናውን መንገድ ያዘ።

ቨርሊን ካለቀ ዕድሜው ሃያ ዓመት የተመለሰለት መሰለ። ክሪክ ይሰካል፣ ቡሎን ይፈታል፣ ተማሪውን ይቆጣል። «ይሄን ጎማ ከየት ነው ያወጣኸው፣ ከሙዚየም?» ይላል። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተሰብስቦ ይስቃል።

ፓትሪስ ግን ዓይኗ ሰላ ያለ ነው። ኦርቪል ፒክአፕ ላይ በሸራ የተሸፈኑ አራት ጎማዎች አየች።

«እነዚያስ አራቱ?»

«እነሱ... እያረፉ ነው።»

«ሚስተር ኩቼራ።»

«አሥራ አምስት ቁጥር ናቸው፣ ብዙ ሰው አይፈልጋቸውም።»

«ማስቀመጥ የለም። የቀደመ ይወስዳል።»

እያጉረመረመ አውርዶ ከሌሎቹ ጋር ደረደራቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት የነርስነት ተማሪ መጣች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። ጎማዎቿን አጎንብሶ አየ። ከኬንድራ የባሱ ነበሩ፤ በአንዱማ ሽቦው ወጥቷል። ቁጥራቸውም እንደ ኬንድራዎቹ አሥራ አምስት። ቨርሊን አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ተመለከተ፤ የኬንድራ መኪና አልመጣም። ከዚያ ሕፃኑን አየው። ሕፃኑ ካልሲውን አውልቆ እየበላ ነበር።

«አምጪው ልጄ፣ ወደዚህ አስጠጊው» አለና አራቱንም ገጠመላት።

ኬንድራ የመጣችው ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲያልቅ ነው።

«ምነው እስካሁን?» አላት ቨርሊን።

«መጀመሪያ ብመጣ ለእሷ ብሎ ነው ይላሉ ብዬ ነው።»

ቀሪውን ክምር አገላበጠ። አሥራ ስድስት አለ፣ አሥራ ሰባት አለ፤ አሥራ አምስት የሚባል የለም። ኬንድራ «ምንም አይደል፣ ይኸው ኮላቼ ደረሰኝ» ብላ ልታጽናናው ሞከረች። ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ወርዷል።

«ኦርቪል» አለ ቨርሊን፣ «ቤት አድርሰኝ።»

ጋራዡ ውስጥ የማርዴል መኪና ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከሞተች ወዲህ ማንም አልነዳትም፤ ቨርሊን በሳምንት አንድ ቀን ሞተሯን አስነስቶ ትንሽ ይቀመጥባትና ያጠፋታል። የክረምት ጎማዎቹን የገጠመላት በመጨረሻው መኸሯ ነበር። በእነሱ የሄደችው አንድ ጊዜ፣ ሆስፒታል ብቻ ነው።

ኦርቪል ሸራው ሲገለጥ ኮፍያውን አወለቀ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ጎማ እንደ ሰው ነው፤ ተቀምጦም ያረጃል። ክሪኩን አቀብለኝ።»

የመጀመሪያው ቡሎን እምቢ አለ። ያጠበቀው ራሱ ቨርሊን ነበር፤ ለእሷ ሲሆን ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ያጠብቃል። በመፍቻው ላይ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት፤ ቡሎኑ ጮኾ ሲላቀቅ የእሱም ደረት አብሮ የተላቀቀ መሰለው። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ኦርቪል ወደ ግድግዳው ዞሮ መዶሻ የሚፈልግ መሰለ። መኪናዋን በጉማጅ እንጨት ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ፓትሪስ አፍንጫዋ ቀልቶ እዚያው እንደቆመች ደረሱ። ቨርሊን አራቱን ጎማ መሬት ላይ ደረደረና እንደ ጨረታ አጫራች ጮኸ። «አሥራ አምስት ቁጥር የሚፈልግ ተማሪ! ማንም ይሁን! አንድ! ሁለት!»

ፓትሪስ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ዙሪያውን ሁሉም ተያየ፤ ማንም አልቀረበም።

«ሦስት!»

ኬንድራ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «እኔ ተማሪ ነኝ።»

«መታወቂያ» አለች ፓትሪስ ፊቷን ሳትፈታ። ኬንድራ አሳየች። ፓትሪስ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችና መለሰችላት። ያኔ የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኬንድራ መፍቻውን ከቨርሊን እጅ ወስዳ ቡሎኖቹን ራሷ አጠበቀች። እሱም አጠገቧ ተንበርክኮ «በተርታ አይደለም፣ በመስቀል፤ ከዚህ ወደዚያ ማዶ» እያለ አሳያት። የማን ጎማ እንደነበረ ሲነግራት እጇ ቆመ። ከዚያ የመጨረሻውን ቡሎን ደግማ አጠበቀችው። ፓትሪስም ካፖርቷን እየቆለፈች መጥታ ከትሪው የመጨረሻውን ኮላቼ አነሳች።

«ከለጋሽ ነው እኮ» አላት ቨርሊን።

«ለሁሉም የቀረበ ነው» አለችና ነከሰችው።

ሌሊቱን በረዶው ወረደ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቨርሊን ስልክ ጮኸ።

«ሚስተር ኩቼራ? ጀኒቫ ኦስትዲክ ነኝ፣ የኬንድራ እናት። ደርሳለች። እዚህ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፤ እሷ ግን እንደ ባቡር ቀጥ ብላ ነው የገባችው።»

«ተመስገን።»

«ላመሰግንዎት ብዬ ነበር፤ አታመስግኚው፣ ለሁሉም የቀረበ ነው ትለኛለች። ምን ማለቷ ነው?»

«እንዳለችው ነው። የእርስዎ መኪና ጎማስ እንዴት ነው?»

«ኧረ እኔ ተማሪ አይደለሁም!»

«እኔም አልሰጥዎትም፤ ጠየቅኩ እንጂ። የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ያለበት ሳንቲም አለ? የጎማው ጥርስ ማለቅ አለማለቁ በእሱ ይለካል። ኬንድራ ይዛው ትውጣ።»

በር ሲከፈት፣ ነፋስ ሲገባ፣ ውሻ ሲጮህ ተሰማው። ከሩቅ የኬንድራ ድምፅ መጣ፤ እናቲቱ ተቀብላ «የቱ ጋ ልሰካው ትላለች» አለች።

«ጥርሱ መሃል፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች። ግንባሩ ሙሉ ይታያል ወይ?»

ጀኒቫ በሩ ላይ ሆና ጮኸች፤ መልስም መጣላት። «ፀጉሩም ግንባሩም ተሸፍኗል።»

«እንግዲያው ይሄ ደህና ነው። ወደ ሌላው ትሂድ።»

«ልጅቷን እኮ በረዳት፣ ሚስተር ኩቼራ!»

«ሦስት ብቻ ቀሩ» አለ ቨርሊን፣ ወንበሩን ወደ ስልኩ እየሳበ።