ውሃ ሲፈስ ማየት

መፍቻ ትንሿን የመመርመሪያ ብልቃጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከቦኖው ሞላቻት፣ የክሎሪን መለኪያ ክኒኗን ጨመረችባት፣ አፏን በአውራ ጣቷ ደፍና ነቀነቀቻት። ውሃው ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ ሥር የተቀቀለበት መሰለ።

ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሆን ነበረበት። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ክሎሪኑ ልክ ነው፣ ይጠጣል። እንዲህ ከቀላ ግን ታንከሩን ለማጽዳት የተጨመረው ኃይለኛ ክሎሪን ገና አልወጣም፤ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይገለብጣል።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ትነቀንቂያለሽ? እንግዳው ድልድዩን ተሻገረ እኮ!" አሉ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር። ከሠርጋቸው ወዲህ ያልወጣ ኮት ለብሰው ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል።

"መጣሁ ጋሼ። እስክመጣ ማንም እንዳይቀምስ!"

ኮረብታውን በሩጫ ተያያዘችው። መፍቻ የሚለውን ስም ያወጣላት መንደሩ ነው። የፓምፑን ሥራ ከያዘች ወዲህ መፍቻ ከእጇ ተለይቶ ስለማያውቅ፣ ባሏን ለማብሸቅ "አልጋው ለሦስት ይበቃችኋል?" ይሉታል። ዛሬ ግን ቀልዱም ሥራውም ደስታ ነበር። በዚህ መንደር ቧንቧ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ታጥበው የነጡ ጀሪካኖች ከቦኖው ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ተሰልፈዋል፤ ሰዉም ከንጋት ጀምሮ አጠገባቸው ቆሟል።

እየሮጠች ነገሩ ተገለጠላት። ትናንት አመሻሽ የታንከሩን ማፍሰሻ ከፍታ ቦኖዎቹን ልትፈትሽ ወርዳ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ስትመለስ ማፍሰሻው ደርቋል። አልቋል ብላ፣ በጥድፊያ እጀታውን መዝጋቱን እንኳ ረስታ፣ ፓምፑን አስነሳች። ባዶ ታንከር ለመሙላት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዛሬ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሞላ። እሷም ደስታ ዓይኗን ጋርዷት "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ብላ ፓምፑን መታ መታ አደረገችው እንጂ ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ አላየችም።

ታንከሩ ጋ ስትደርስ የማፍሰሻው እጀታ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ አማቷ ተቀምጠው ቁልቁል ሰዉን ያያሉ።

"እማማ፣ ይሄን የነካው ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ አማቷ በኩራት። "ትናንት ላየው ብመጣ ያ ሁሉ ውሃ ሜዳ ለሜዳ ይፈሳል። ሰው ረስቶት ነው ብዬ ዘጋሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ከወንዝ በጀርባዬ ተሸክሜ አንዲት ኩባያ አልደፋሁም፣ ዓይኔ እያየ እንዴት ይፍሰስ?"

"የከፈትኩት እኮ እኔ ነኝ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ነው። አሁንም ውስጡ አለ።"

አማቷ ከድንጋዩ ተነሡ። ኩራቱ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። "ታዲያ አትነግሪንም ነበር?"

እውነት ነው፣ አልነገረችም። ስለ ክሎሪኑ መጨመር ቤት ለቤት እየዞረች አስረድታለች፤ ስለ መፍሰሱ አንድ ቃል አልወጣትም። መቆጣት ፈለገች፤ ግን ማንን ትቆጣ? ከኮረብታው ማዶ ባለው መንደር ቧንቧ የተከፈተ ዕለት ውሃው ክሎሪን ክሎሪን አለና "መርዝ ነው" ተባለ። ሰዉ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ቦኖው ዛሬ የፍየል ማሰሪያ ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ የወንዙ ውሃ የራሷን ልጅ ዘጠኝ ቀን ክሊኒክ አስተኝቷታል። ይህ መንደርም የመጀመሪያውን ኩባያ ቀምሶ ከሸሸ፣ ልጇ ተመልሳ ያንኑ ወንዝ ልትጠጣ ነው።

ከታች ጭብጨባ ተሰማ። መኪናው ደርሷል።

ስትደርስ ከከተማ የመጣው ኃላፊ ሪባኑን ቆርጦ ብርጭቆውን ከቦኖው ሥር ደግኗል፤ ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። መፍቻ እያለከለከች እጇን ቦኖው አፍ ላይ አደረገች።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ ውሃ አይጠጣም።"

"እንዴት? ለምን ጠራችሁኝ ታዲያ?"

"ኧረ አታዋርጂን!" አሉ ሊቀመንበሩ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ብልቃጧን አየና ሳቅ አለ። "እሺ፣ ለፎቶው ልጉመጥመጥ። አልውጠውም።"

"እርስዎ ይተፉታል። እነሱ ግን ሲጠጡ አየን ብለው ይጠጣሉ።"

ጉምጉምታው ተነሣ። "የማን ጥፋት ነው?" አለ አንዱ ከኋላ። አማቷ ከኮረብታው ወርደው ሕዝቡ መሀል ቆመዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ።

"የኔ" አለች መፍቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ታንከሩን ሳላይ ሞላሁት። ፈስሶ፣ ታጥቦ፣ እስኪሞላ ድረስ ወደ ማታ ይሆናል። ዛሬ ግን ትጠጣላችሁ!"

አንዲት ጎረቤቷ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ አለችና "ከአያቶቻችን ጀምሮ ጠብቀን፣ ለአንድ ቀን ብለን ልንጣላ ነው?" አለች። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ።

ኃላፊው ሌላ ስብሰባ ነበረበት። መኪናው ውስጥ ሲገባ "ሮዝ ሲሆን ብልቃጧን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ" አላት።

ማፍሰሻው ሲከፈት ውሃው እየጮኸ ወጣ፤ መንደሩም በአንድ አፍ "ውይ!" አለ። ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። መፍቻም ዓይኗን ወደ ሌላ አሸሸች። ወንዶቹ ውሃውን እንዳይጠጣ ከብቱን ያባርራሉ፤ ሊቀመንበሩ ግን ድንገት ብልጭ አለላቸው። "የፓምፑ ቤት ግድግዳ ሳይለሰን ቀርቶ የለም እንዴ? ጭቃ ይቦካ!" ብለው ኮታቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉት። አካፋ ከየቤቱ ወጣ፤ በዚያ ውሃ ጭቃ ተቦክቶ እስከ ቀትር ሦስቱ ግድግዳ አለቀ። መፍቻ እንዲህ ያለ ምርቃት አይታ አታውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቧንቧው ታጥቦ፣ ታንከሩ ሞልቶ፣ መፍቻ ብልቃጧን ነቀነቀች። አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋፍተው ከበቧት።

"ሮዝ! ፈዛዛ ሮዝ!" ብላ ጮኸች፤ የሳቀች ይሁን ያለቀሰች ራሷም አልለየችውም። ጭብጨባው ወፎቹን ከዛፍ አስነሣ።

የመጀመሪያውን ኩባያ ለአማቷ ሰጠቻቸው። አሸተቱት።

"ይሸታል።"

"ትንሽ ይሸታል። ውሃው እስከ ቤት እንዳይበከል የሚጠብቀው እሱ ነው።"

ሰዉ ሁሉ ፊታቸውን እያየ እስከ መጨረሻው ጠጡት። "ቀዝቃዛ ነው። ልጨምር" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰልፉን የሚያስከብር ጠፋ።

ቤት ሲደርሱ አማቷ ጀሪካኑን አወረዱና በቀጥታ ወደ ጓዳ ገቡ። ትናንት ከወንዝ የቀዱትን ሙሉ እንስራ አቅፈው ወጡ። መፍቻ ልታግዛቸው ተጠጋች።

"እማማ፣ የት ሊወስዱት ነው? ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል እኮ።"

"ልጅቷ ተሳስታ ብትጠጣውስ?" አሉና እንስራውን ደጃፉ ላይ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጡት።