ግማሽ ኪኒን

ሰው ነቅቶ እያለ ቱቦ ጉሮሮው ሲገባ እንዴት ዝም ብሎ ይተኛል? እማማ ሳምንቱን ሙሉ ቢያወጡ ቢያወርዱ መልስ አላገኙም። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከደረጃ ወድቃ መንጋጋዋ አልላቀቅ ካለ ወዲህ አፏ ከማንኪያ ጫፍ በላይ አያስገባም፤ በቀዶ ጥገና ሊያስተካክሉላት ነው። የሰመመን ሐኪሙ አስቀድሞ አስረድቷቸዋል፦ ሙሉ በሙሉ ካስተኟት ትንፋሿ ሊደክም ይችላል፣ ያኔ በዚያ ጠባብ አፍ ቶሎ ሊደርሱላት አይችሉም። ስለዚህ ጉሮሮዋን አደንዝዘው፣ ስትጠራ "አቤት" ማለት በምትችልበት መጠን ብቻ አረጋግተው፣ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ያስገባሉ።

የእማማ አንጀት ግን አልቻለም። በቀዶ ጥገናው ማለዳ ከራሳቸው የእንቅልፍ ኪኒን ግማሹን ፈጭተው በማንኪያ ውሃ በጠበጡና ሐኪሙ ያዘዘው ነው ብለው አጠጧት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጅቷ ወንበር ላይ ታንጎላጅ ጀመር። ሐኪሙ ቢጠራት ቆይታ "እ?" አለች። ፊቱን ቋጥሮ ምን እንደወሰደች ጠየቃት። "ያዘዝክልኝን ብቻ" አለችው። እሱ ደግሞ ምንም አላዘዘም።

እማማ ዝም ቢሉ ልጅቷን ሊያጧት ነው፤ ቢናገሩ ዓይኗን በምን ዓይናቸው ያያሉ?

"እኔ ነኝ" አሉ። "የኔን ኪኒን ግማሽ። እንዳይሰማት ብዬ።"

ሐኪሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "እማማ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ? እንኳን ነገሩኝ። በዚህ ላይ የኔን ብጨምርበት ትንፋሿ ሊቆም ይችል ነበር።"

ልጅቷ አያቷን አየቻቸው። ቀጠሮው በሁለት ቀን ተላለፈ።

በሁለተኛው ቀጠሮ እማማ ከበሩ ውጭ ቆመው ጆሯቸውን ቀሰሩ። ሐኪሙ ይጠራል፣ "አቤት" ትላለች። ደግሞ ይጠራል፣ "አቤት"። ከዚያ ጸጥ። ነርሷ ብቅ ብላ፣ ቱቦው እንደገባና ልጅቷ አሁን ገና እንደተኛች ስትነግራቸው፣ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ቤት ቁጭ ብላ ዳቦ ገምጣ አላመጠች። እማማ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ እያዩ የራሳቸውን ምሳ ረሱት። ልጅቷ ፍርፋሪውን አራግፋ ተነሳችና የእማማን መሳቢያ ከፈተች። የቀሩትን ኪኒኖች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እማማ ተይ አላሏትም። ግንባራቸውን ሳመቻቸውና፣ "ከእንግዲህ የሚፈጩት የለም" ብላ በሩን ከፍታ ወጣች።