ሁለት ጣት ትርፍ

"ነፍሷን ይማር። ሱሪዬ ግን… አልቆ ነበር?" አለ ባለታክሲው።

ለቀስተኛው ሁሉ ሻዩን እንደያዘ መሬት መሬቱን አየ። የሟቿ ጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ በክርኗ ጎሸመችው።

"አንተ ሰውዬ! ከተቀበረች ገና ሦስት ቀኗ እኮ ነው!"

"ለሱሪው ብዬ አይደለም። ቃሏን አታጥፍም ነበር ለማለት ነው።"

ሱሪው አልቆ ነበር። ሚጢጢ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠችው። ሚጢጢ የሟቿ ታናሽ እህት ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣችላት ሟቿ ስለሆነች የሚሽረው አልተገኘም። ባለታክሲው ሱሪውን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ከሁሉ የሚጢጢ ለቅሶ ባሰ። "እህት ማለት እንዲህ ነው" ተባለላት። ለማን እንደምታለቅስ የጠየቃት የለም፤ ለቅሶ ቤት ይህ አይጠየቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ከሚጢጢ ግራ ጡት እብጠት በመርፌ ናሙና ወስዶ "ካንሰር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሊሆንና በላይሆን መካከል መኖር ጀመረች። ጠባብ ቦታ ነው፤ እንቅልፍ አያስተኛም፣ እህል አያስውጥም። መዝገብ ቤቱ ስልክ ቁጥሯን ሲጠይቃት አፏ ተሳሰረ። ታላቋ አራቱን ጣቶቿን ሰብስባ ጨበጠችላት።

"የኔን ቁጥር ጻፉ። እኔ እሰማለሁ፤ አንቺ ፊቴን አይተሽ ትረጃለሽ።"

"ብትዋሺኝስ፣ እታለም?"

"እኔ መዋሸት ስችል አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። ታላቋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌት ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ታስቀራለች፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። "ሰው ይወፍራል፣ ያረግዛል፣ ይኖራል" ትላለች። ደንቧን ያፈረሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ለመለሰው ለአባታቸው ኮት ስትሰፋ አራት ጣት አስቀረች።

"ስትድን ትወፍርበታለህ፣ አባባ።"

አባትየው ስፌቱን በጣቱ ለካና ሳቀ። "ይቺ ልጅ ስትዋሽ ጨርቅ አትቆጥብም" አለ። ኮቱን ሳይለብሰው ሞተ።

ውጤቱ እስኪመጣ ታላቋ ለሚጢጢ ሰማያዊ ቀሚስ ጀመረችላት፤ "እጄ ሥራ ካልያዘ አንቺን አስጨንቅሻለሁ" ብላ። ማክሰኞ ማታ የግራውን ጎን ሚጢጢ ፊት ሰፋችው። ረቡዕ በስድስት ሰዓት ፀጉር ሠሪዋ መቀስ ልትዋስ ብትገባ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ አገኘቻት። ልብ ነው ተባለ። የቀኙ ጎንም ተሰፍቶ ነበር። ሚጢጢ ከቀብር መልስ የእህቷን ስልክ ስትከፍት ያነሳችው የመጨረሻ ጥሪ የሆስፒታሉ ሆነ፤ ረቡዕ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አራት ደቂቃ።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በር ቆልፋ ደወለች።

"ውጤትሽ ተነግሯል" አላት መዝገብ ቤቱ። "'እህቷ ነኝ፣ እኔ እነግራታለሁ' ያለች ሴት ናት ያነሳችው።"

"ሞታለች።"

"እግዜር ያጽናሽ። ሐኪሙ ሰኞ ነው የሚገባው፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ።"

"ሲነገራት እንዴት ሆነች?"

"እህቴ፣ በስልክ አይታይም እኮ።"

እስከ ሰኞ ሁለት ቀን አለ። ቀሚሱ ግን እዚያው ስፌት መኪናው ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ደህና ዜና ከሆነ እታለም በደስታ ልቧ ቆመ። ክፉ ከሆነ የገደለቻት ሚጢጢ ናት። ሌላ ሦስተኛ ነገር ፈልጋ አጣች።

ፀጉር ሠሪዋ ቦታ ለማስለቀቅ ቀሚሱን አነሳ ስታደርገው፣

"አትንኪው!" ብላ ሚጢጢ ጮኸች።

"የመጨረሻ ስፌቷ ስለሆነ እኮ ነው" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ከጮኸች ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም። ሄዳ የእህቷ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀሚሱን ገለበጠችው። በግራው ስፌት ላይ ጣቶቿን አጋደመች፤ ሁለት። ወደ ቀኙ ዞረች። አንድ ጣት አኖረች። ሁለት። ጨርቁ አላለቀም። ሦስት። አራት።

"ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?" አለ ባለታክሲው፣ ሱሪውን እንዳቀፈ።

"አይ። ሰፍቷል።"

"እሱማ ምን ችግር አለው፤ ትወፍሪበታለሽ።"

ሚጢጢ አላለቀሰችም። ትርፉን ጨርቅ በአራቱ ጣቶቿ ላይ አጠፈችው፤ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ፀጉር ሠሪዋ ሻይ ስትዘረጋላት በሌላው እጇ ተቀበለች።